ጋሼ ያረቀቁት ይቅርታ

ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 25፣ 2024

ጋሼ ጥሩነህ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። «ስልክ አይሰማኝም፣ ካልጻፍሽ የለሽም» ብለው ስለቆረጡብኝ ይኸው ከስንት ዘመን በኋላ እስክሪብቶ ጨበጥኩ። ፊደል ሲለቅሙብኝ ከዚሁ ይታየኛል። አባቴ በሕይወት ቢኖር «ጥሩነህ፣ ስፖንሰር ሁናት አልኩህ እንጂ ፈትናት አላልኩህም» ይልዎት ነበር።

«አሠሪሽ አሁንም እንደ ልጁ ያይሻል ወይ» ላሉኝ፣ እስከዚህ ወር ድረስ አዎ። ሚስተር ሊያንግን እማዬ የሞተች ጊዜ አይተዋቸዋል፤ ጥቁር ልብስ ለብሰው መጥተው ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይናገሩ የተቀመጡት ሽማግሌ። ከታይዋን መጥተው በአንድ ፕሬስ፣ በአንድ የብረት መጫኛ ማሽን፣ የጀመሩት ፋብሪካ ዛሬ ስልሳ ሰው ይዟል። የሰርቨር፣ የትልልቅ ኮምፒዩተር ሳጥን ነው የምንሠራው፤ ቆርቆሮው ይገባል፣ ፕሬሱ ይጫነዋል፣ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። በኮቪድ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰው ሲበትኑ እሳቸው አንድም ሰው ሌይ ኦፍ አላደረጉም። «አባት ልጁን አያሰናብትም» ነው ያሉን። ስለዚህ እዚያ ቤት ማንም ለእሳቸው ክፉ አይወድም።

ሰው የሚቀጠረውም በሰው ነው። ያስገባኸው ሰው ካጠፋ የምትጠየቀው አንተ ነህ፤ እኛ ዋስ የምንለው መሆኑ ነው። ተስፋጽዮንን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያውቁታል፣ የሀረገወይን ባል፣ ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ይጎትት የነበረው። የጭነት መኪናው ሲሞትበት ለምኜ አስቀጠርኩት። እኔ ሊድ፣ ማለት አለቃ፣ በሆንኩበት የሥራ መስመር አምስተኛው ፕሬስ ላይ ይሠራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ የእነሱ አዲስ ዓመት ባለፈ ማግስት፣ በጠዋቱ ሚቲንግ ሁላችንም ቆመን ሳለ ተስፋጽዮን እጁን አወጣ። «አምስተኛው ፕሬስ ጨረሩ ተዘግቶ ነው የምንሠራበት፣ ሰው ሊጎዳ ነው» አለ። ጨረር የምልዎት እጅ ሲገባ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መብራት ነው። የእኛው አርጅቶ ያለ ምክንያት እያቆመ ሥራ ስለሚያስፈታ በቁልፍ ይዘጋል። ሚስተር ሊያንግ ፈገግ ብለው «ቴንክ ዩ» አሉት። ለእሱ ከዚያ ሌላ ምንም አላሉትም። እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኔን አላዩኝም። በየዓርቡ ቢሮአቸው ጠርተው ሻይ ያጠጡኝ ነበር፤ ሁለት ዓርብ አለፈ።

እርስዎ የእነዚህን ሰዎች ነገር ሠላሳ ዓመት ኮሌጅ አስተምረዋል። ምን ላድርግ? ልጁ የተናገረው እውነቱን ነው። ማሽኑም እንዲጠገን፣ እሳቸውም እንዳይቀየሙ እፈልጋለሁ። ይኼ ይቻላል ወይ?

ኢየሩስ


ኦክላንድ፣ የካቲት 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢየሩስ፣

ደብዳቤሽን ከቀይ እስክሪብቶ ጋር አነበብኩት፤ ስህተቱን ግን አልነግርሽም፣ ደስ አሰኝተሽኛልና። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ስለ ጉልበቴ እንጂ ስለማውቀው ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እዚህ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉት እኩዮቼ ሁሉም ተናጋሪ ናቸው። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ከተደፈነ ጀምሮ የምሰማው የራሴን ሐሳብ ብቻ ነው፤ እሱም ጥሩ ጓደኛ አይደለም።

እንግዲህ ስሚኝ። ኮንፊዩሸስ ባስተማረው ሥርዓት ያደገ ሰው ፋብሪካ ሲያቋቁም ቤት ነው የሚያቋቁመው። አባት አለ፣ ታላቅ አለ፣ ታናሽ አለ። ታናሹ ይታዘዛል፣ ታላቁ ይንከባከባል። ይኼን ሥርዓት ወደ ታች ብቻ የሚጫን አድርገሽ እንዳታዪው፤ ታላቁም ለታናሹ ግዴታ አለበት። ሚስተር ሊያንግ በኮቪድ ጊዜ ያላሰናበቷችሁ ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ግዴታቸው ስለሆነ ነው። ታይዋንና ኮሪያ ባንድ ትውልድ እንዲያ የተመነደጉት በርካሽ ጉልበት ነው የሚሉኝን ተማሪዎች ሁሉ ዜሮ ሰጥቻለሁ። ጉልበት እኛም አገር ሞልቶ ነበር። የጎደለን ሌላ ነው።

ተስፋጽዮን የተሳሳተው በተናገረው ነገር አይደለም፤ በተናገረበት ቦታ ነው። አባትን በልጆቹ ፊት አሳፈረ። አሁን ክብራቸው ካልተመለሰ ማሽኑን ሊያስጠግኑ አይችሉም፤ ቢያስጠግኑ የበታች አዘዛቸው ማለት ይሆናል። ስለዚህ እንደ ወጋቸው ብርቱካን ገዝተሽ ተስፋጽዮንን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፣ ዋስ ነሽና። ከዚያ እሱ የጽሑፍ ይቅርታ ይስጣቸው። በእንግሊዝኛ አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስለ ማሽኑ የተናገርኩት ካለማወቅ ነው፤ ማሽኑ ጉድለት እንደሌለበት ተረድቻለሁ፤ ታላቄን በሰው ፊት ስላሳፈርኩ ይቅርታ እለምናለሁ።

ተስፋጽዮን ይኼ ውሸት ነው ሊልሽ ይችላል። ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው በይው። እኛስ ሽማግሌ ሲያስታርቀን ያላጠፋነውን አጥፍተናል እንል የለም? ክብራቸው ሲመለስ ራሳቸው ያሠሩታል። አንቺ ግን የማሽኑን ነገር እንዳታነሺ። እሳቸው እስኪያነሱት ጠብቂ።

በይ ደህና ሁኚ፤ የሆነውን ጻፊልኝ።

ጥሩነህ


ሳን ሆዜ፣ ማርች 17፣ 2024

ጋሼ፣

ጾሙን እንዴት ይዞዎታል? ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ኦቨርታይም ላይ ነን።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ተስፋጽዮን ሁለት ቀን እምቢ አለኝ። «እኔ ማንንም አልሰደብኩም፣ እጄን ነው የጠበቅሁት» አለ። ሀረገወይንም ማን እንዳረቀቀው ሳልነግራት አንብባው «ይኼን የጻፈው ሰውዬ ጠበቃ ነው ወይስ ቄስ» ብላ በእርስዎ ስቃለች። መጨረሻ ላይ «ላንቺ ስል ነው፣ አንቺ ነሽ ያስገባሽኝ» ብሎ ፈረመልኝ። ይኼን ሲለኝ ደስ አላለኝም፤ ግን ወረቀቱን ተቀበልኩት።

ሚስተር ሊያንግ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከወንበራቸው ተነስተው እጁን ጨበጡት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ወረቀቱን አጥፈው የተስፋጽዮን ፋይል ውስጥ ከተቱት። ያቀረብንላቸው ብርቱካን ያን ቀን ሙሉ ቢሮውን ሲያውደው ዋለ። ባለፈው ዓርብ ሻይ ጠሩኝ። እንደ ድሮው «መስመርሽ እንዴት ነው?» አሉኝ፣ እኔም «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው። ስለዚህ እርቁ ሠርቷል፤ ትክክል ነበሩ።

«ማሽኑ ተሠራ ወይ» ቢሉኝ፣ ገና ነው። ትልቅ ኦርደር ገብቶ ሦስት እጥፍ እየሠራን ነው፤ ያንን ፕሬስ ሁለት ሳምንት ማቆም አሁን የሚታሰብ አይደለም። ተስፋጽዮን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። «ትንሽ ታገስ፣ እሳቸው ያነሱታል» አልኩት። እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ኢየሩስ


ኦክላንድ፣ ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ኢየሩስ፣

ሁለት ወር ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ። ለፋሲካም እንኳን አደረሰዎ አላልሽኝም፤ ይኼን አልቆጥርብሽም።

ትናንት ቴሌግራፍ ላይ ምሳ ስበላ አንድ የማውቀው ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ብዙ አወራኝ። ስላልሰማሁት ናፕኪን ሰጥቼ ጻፍልኝ አልኩት። «የሀረገወይን ባል እጁን» ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ አየኝ፤ የቀረውን አልጨረሰም። ናፕኪኑን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ወሬ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ጥሩነህ


ሳን ሆዜ፣ ሜይ 19፣ 2024

ጋሼ፣

ወሬ አይደለም። ቀኝ እጁ ነው፤ ከአንጓው በታች የለም። በፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ዕለት ነው የሆነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልጽፍልዎትም። እስካሁን ያልጻፍኩልዎት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ነው።

በማግስቱ ከስቴቱ የሥራ ደህንነት ኢንስፔክተር መጣች። ማሽኑን አስነስታ በጨረሩ ውስጥ እንጨት አሳለፈች፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጨረሩ በዚያ ጠዋት ተከፍቶ ነበርና። ሌላ ጊዜ ተዘግቶ ይሠራበት እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስትጠይቅ ግን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «ከዚህ በፊት ማሽኑ ላይ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ነበር ወይ» ስትል የካምፓኒው ሎየር፣ ጠበቃቸው፣ ፋይል ከፈተ። እርስዎ ያረቀቁትን አወጣ። «ማሽኑ ጉድለት እንደሌለበት ተረድቻለሁ» ይላል፣ ከሥሩ የተስፋጽዮን ፊርማ፣ ቀኑም አለበት። ሎየሩ ሁለት ጊዜ አነበበላት። ስለዚህ እንደ ወረቀቱ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነበር፣ እጁን ያስገባውም በራሱ ግዴለሽነት ነው።

ሚስተር ሊያንግ በየቀኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሚስታቸው የሠሩትን ሾርባ ይዘው ይገባሉ። መጀመሪያ ቀን ሀረገወይን ፊት ጎንበስ ብለው ግንባራቸው አልጋውን ሊነካ ደረሰ፣ እንዲያው ቆዩ። የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። «እኔ በሕይወት እስካለሁ ተስፋጽዮን ሥራ አያጣም» አሏት፤ ይኼን ከልባቸው ነው ያሉት። ማሽኑን ግን በአፋቸው አይጠሩትም።

ኢንስፔክተሯ እኔን ለብቻዬ ልታናግረኝ ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ ኮል አደረገችልኝ፣ አላነሳሁም። ምን ልበላት?

ኢየሩስ


ኦክላንድ፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

እግዚአብሔር ያጽናው። ሌላ ምን እላለሁ?

አትቸኩዪ። ሰውዬው ግዴታቸውን እየተወጡ ነው፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ አሠሪ ስንት አለ? የዚህ አገር ሕግ የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው፤ ከውስጥ ያለውን ዝምድና አያውቅም። አንድ ጊዜ ከገባበት የሚወጣው ሁሉን አፍርሶ ነው። ስልሳ ቤተሰብ በዚያ ፋብሪካ እንደሚኖር አስቢ። እንደ ቤተሰብ እንዲጨርሱት ጊዜ ብትሰጫቸው ይሻላል።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ያ ወረቀት ላይ ስሜ አለ ወይ? ወይስ ረቂቁ ከእኔ እንደመጣ የነገርሽው ሰው አለ? በሰማንያ ዓመቴ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ስንት ጽሑፍ አሳትሜ፣ ስሜ ሎየር እጅ እንዲገባ አልፈልግም። ለምን እንደምጠይቅ ይገባሻል ብዬ ነው።

ጥሩነህ


ሳን ሆዜ፣ ጁን 9፣ 2024

ጋሼ፣

ስምዎ የለም። ማንም አላወቀም። አርፈው ይቀመጡ።

እናደድብዎታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ደብዳቤዎን አንብቤ ግን ሣህን ሰበርኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው እርስዎን የምሰድብበት አፍ የለኝም። ከዚህ በፊት ያልጻፍኩልዎት ነገር አለ። ጨረሩ በቁልፍ ይዘጋል ብዬዎት አልነበር? ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የመስመሩ ሊድ ነው የሚይዘው። በየጠዋቱ ሰዎቹ ሳይገቡ አምስተኛው ፕሬስ ጋ ሄጄ የምዘጋው እኔ ነኝ። ማንም ዝጊ ብሎ አዞኝ አያውቅም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሊድ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼ ቀጠልኩበት። ተስፋጽዮን በሚቲንግ ሲናገር ሚስተር ሊያንግን ብቻ አይደለም ያሳፈረው፤ እኔንም ነው። ለእርስዎ «ምን ላድርግ» ብዬ ስጽፍ ይኼንን ዘለልኩት። ይቅርታ ይጠይቅ ሲሉኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

«ተስፋጽዮን ራሱ ምን አለ» ቢሉኝ፦ በአስተርጓሚ ለኢንስፔክተሯ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሏታል። አልዋሽዎትም፣ ማንም አላስገደደውም። ሽማግሌው በየቀኑ ሾርባ ይዘው እየመጡ፣ በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው እያጎረሱት፣ እንዴት አድርጎ ይክሰሳቸው? ይሉኝታ ያዘው። አሁን ደግሞ ሳወራው እሱም አምኖበታል። «ባልቸኩል ኖሮ» ይለኛል። ወረቀቱን የጻፈው ራሱ ሳይመስለው አልቀረም።

ይኼም አልበቃም። ሀረገወይን ሰው ቤት አሮጊት ትጠብቅ ነበር፣ አሮጊቷ ሞቱ። ሚስተር ሊያንግ ጠርተው «የባልሽ ቦታ ያንቺ ነው፣ ቤተሰብ አይጣልም» አሏት። አለቀሰች፣ እጃቸውን ሳመች። ባለፈው ሰኞ ጀመረች፤ አምስተኛው ፕሬስ ላይ። የእሱ ስም ያለበትን ጓንት ነው የምታደርገው፣ ይሰፋታል።

ጨረሩ አሁንም ያለ ምክንያት ያቆማል። መለወጫ ዕቃው አልታዘዘም፤ አሁን ቢታዘዝ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነውና ሎየሩ አይሆንም ብሏል። ኦርደሩ ጁላይ ላይ መድረስ አለበት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው ጋሼ። ሦስት ቀን ክፍት ተውኩት፤ መስመሩ ከኮታው በታች ሆነና ሁሉም ዞሮ ያየኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን ዘጋሁት። ሀረገወይን ቆማ እያየችኝ ነው የዘጋሁት። ምን እንደሆነ አታውቅም፣ «ዛሬስ ሥራው ቀለል አለ» አለችኝ።

ኢንስፔክተሯ ሐሙስ ጁን 20 ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል። «ልጁ ቀደም ብሎ ተናግሮ ነበር ወይ» ትለኛለች። የሚመልስላት ሰው ከእኔ በቀር የለም። አለመመለስም እችላለሁ፤ ከዚያ ግን ሀረገወይን ከፕሬሱ እስከ መቼ እንደምታመልጥ አላውቅም።

ምክር አልጠየቅሁዎትም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ኢየሩስ


ኦክላንድ፣ ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኢየሩስ፣

«አርፈው ይቀመጡ» ብለሽኛል። ይገባኛል።

ከዚህ በፊት ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። አባትሽና እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለን አባቶቻችንን በአደባባይ ሰደብናቸው። ሽማግሌ ሲያልፍ እያየን አንነሳም ነበር። ያገሩ ችግር ሁሉ የታላቅ ችግር ይመስለን ነበር፤ ጮኸን ጮኸን ሥርዓቱን አፈረስነው። እኔ በስኮላርሺፕ ወጥቼ ተረፍኩ። በአንድ ዶርም ከተኛነው ስምንት ልጆች አራቱን የገደሏቸው አብረውን ይጮኹ የነበሩ ናቸው። እዚህ ሆኜ ስማቸውን በየተራ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ድምፅ ከፍ ሲል እፈራለሁ። በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ ስለ ምሥራቅ እስያ ኢኮኖሚ ማንበብ ስጀምር ታላቁን ሳይሰድብ የበለጸገ ሕዝብ አገኘሁ። ያፈረስነውን የጠበቁ ሰዎች መሰሉኝ። እንደ ምሁር አላጠናኋቸውም፤ ወደድኳቸው። የወደደ ሰው ደግሞ የማይመቸውን ዘሎ ያነባል።

የዘለልኩት ይኼ ነው። በዚያው ትምህርት፣ ታላቁ ሲሳሳት እያየ ዝም ያለ ታናሽ ታማኝ አይባልም። መናገር ይገባዋል፤ ባይሰሙት ደግሞ መናገር ይገባዋል። ዝምታው ታላቁን ገደል እንደ መክተት ይቆጠራል። ይኼን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በየዓመቱ ለፈተና አወጣው ነበር። ላንቺ ስጽፍ ግን «እሳቸው እስኪያነሱት ጠብቂ» አልኩሽ። ያልኩሽ ስለ ሚስተር ሊያንግ ሥርዓት አውቄ አይደለም። ሰው በሰው ፊት መናገሩን ስለጠላሁ ነው። ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሰው ጠየቀኝና አዋቂ መምሰል አማረኝ።

ከዚያ ያ ልጅ እጁን አጣ፣ እኔ ስለ ስሜ ጠየቅሁሽ። ይኼን ዕድሜ ልኬን ሳፍርበት እኖራለሁ፤ የቀረኝም ብዙ አይደለም።

የይቅርታው ረቂቅ በእጄ ጽሑፍ፣ ስርዝ ድልዙ ሁሉ እኔ ጋ ነው። ትናንት ከመግለጫ ጋር አድርጌ ለኢንስፔክተሯ መሥሪያ ቤት በሪኮማንዴ ላክሁት። ቃሉ የተስፋጽዮን እንዳልሆነ፣ ማሽኑ ጉድለት እንዳለበት በየካቲት ወር ከደብዳቤሽ እንዳነበብኩ፣ ያም ሆኖ የለበትም ብዬ እንደጻፍኩ ገልጫለሁ። ስሜን ከነማዕረጌ ጽፌበታለሁ። የቁልፉን ነገር አልጻፍኩም። እሱን የምትናገሪው ወይም የማትናገሪው አንቺ ነሽ።

ምን አድርጊ አልልሽም። ምክሬ የሠራውን አይተሻል።

ጥሩነህ


ሳን ሆዜ፣ ጁላይ 7፣ 2024

ጋሼ፣

እንዴት ከረሙ? የላኩት መድረሱን ኢንስፔክተሯ ነግራኛለች። ሌላም ሰው ሊያናግርዎት እንደሚመጣ ነግራኛለች፤ በጽሑፍ ይጠይቁኝ ይበሉ። አሁን የምጽፍልዎት ከቤቴ ነው። ሥራ የለኝም።

«ተናገርሽ ወይ» ቢሉኝ፣ ተናገርኩ። ኢንስፔክተሯ ለብቻዬ በሯን ዘግታ ልታናግረኝ ትችል ነበር፤ ሕጉም ስሜን ይደብቅልኝ ነበር። እኔ ግን ተስፋጽዮን በስልሳ ሰው ፊት የተናገረውን ጓዳ ገብቼ ላሾክሹክ አልቻልኩም። ሐሙስ ጠዋት ሚቲንግ ላይ እጄን አወጣሁ። አምስተኛው ፕሬስ ጨረሩ ተዘግቶ ነው የሚሠራው፣ የምዘጋው እኔ ነኝ፣ ቁልፉ ይኸው አልኩ። ተስፋጽዮን በፌብሩዋሪ የተናገረው እውነት ነበር፣ ይቅርታው የእሱ ቃል አይደለም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሀረገወይን ከፊት ቆማ ነበር።

ሚስተር ሊያንግ ኮፍያቸውን አወለቁ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። በጣም ቀስ ብለው «በየዓርቡ ጠየቅሁሽ እኮ» አሉኝ። «መስመርሽ እንዴት ነው አልኩሽ። ደህና ነው አልሽኝ። እንደ ልጄ የማይሽ አንቺ ደህና ነው ካልሽኝ፣ ማንን ልመን?»

ጋሼ፣ እኔ ሰላምታ መስሎኝ ነበር። እንዴት ነሽ ሲባል ደህና ነኝ እንደሚባለው ነው የመለስኩላቸው። ለካ ሻይ የሚጠሩኝ ለብቻዬ እንድነግራቸው ኖሯል። እኔ እሳቸው እስኪያነሱት ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔ እስክናገር ሲጠብቁ ነው የከረምነው። እውነታቸውን ይሁን በሰው ፊት ላለማፈር ያሉት ይሁን አላውቅም። እውነታቸውን ሳይሆን እንደማይቀር ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ቢሆንም ማሽኑ የእሳቸው ነው፤ ወርደው ማየት ይችሉ ነበር። ይኼን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፣ የሚረዳኝ ግን ጥቂት ነው።

ፕሬሱ በዚያው ቀን ታሸገ። ኦርደሩ ሌላ ካምፓኒ ሄደ። ባለፈው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ሰው ተሰናበተ። አባት ልጁን አያሰናብትም ያሉት ሰው በሩ ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ ጎንበስ ብለው ሸኙ። እኔን አላባረሩኝም። ማንም አላናገረኝም እንጂ ሥራዬ ነበር። ምሳ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፣ በአምስተኛው ቀን ባጄን አስረክቤ ወጣሁ። ለእኔ ከሌሎቹ ይልቅ ዝቅ ብለው ነው የሸኙኝ፤ ቀና እስኪሉ መጠበቅ አልቻልኩም።

ከተሰናበቱት የመጀመሪያዋ ሀረገወይን ናት፣ መጨረሻ የገባች እሷ ስለሆነች። ለተስፋጽዮን ተጠብቆ የነበረውም ሥራ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ያልከው ለምንድነው ብላ እንደገና እየጠየቀችው ነው።

ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ነው ያናገረችኝ። እሱ ከኋላዋ ሶፋ ላይ ነበር፣ ዞሮ አላየኝም። «እጁን አጥቶ ስሙ ተርፎለት ነበር» አለችኝ። «አንቺ በመንግሥት ፊት ውሸታም አደረግሽው። የሚጦሩን ሽማግሌ ነበሩን፣ እሳቸውንም አሳጣሽን። አሁን ማን ያብላን? አንቺ ነሽ?» ስለ ጨረሩ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ በየጠዋቱ መዝጋቴ የእሷንም እጅ ሊያስቆርጥ ይችል እንደነበር። ምኑን እነግራታለሁ? ያልሆነ ነገር እንዴት ይነገራል?

በሩን ዘጋችብኝ። በሁለት እጇ ነው የዘጋችው።

ኢየሩስ